ትኩሳት ሄዶ ከተመለሰ፦ የቅማልና የመዥገር በሽታ እንዴት ይመረመራል (ጎንደር ላላችሁ)

ክረምት ሲገባና ልጆቹ ከመተማ ከሁመራ ስራ ሲመለሱ እዚ ጎንደር ትኩሳት ይበዛል፣ ከክሊኒክ ሲወጣ ደሞ ብዙው ሰው የሚይዘው ወረቀት አንድ አይነት ነው፣ "ታይፎይድና ታይፈስ"። ላብራቶሪ ውስጥ ስለምውል ስለዚች ወረቀት ትንሽ ላውራ።

ታይፈስ (እሱም በቅማል የሚመጣ የትኩሳት በሽታ ነው) ብለው የሚሰሩላችሁ ብዙ ጊዜ ዌል ፌሊክስ የሚባል የደም ምርመራ ነው፣ በፈረንጆቹ 1916 የወጣ ዘዴ። ተህዋሲውን ራሱን አይፈልግም፣ ሴረማችሁ (የደም ሴሎቹ ሲለዩ የሚቀረው ፈሳሽ) ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያን ያጓጉላል ወይ ነው የሚያየው። ስለዚ በፕሮቲየስ የሽንት ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል፣ እውነተኛው የታይፈስ በሽተኛ ደሞ በመጀመሪያው ሳምንት ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። በሷ ብቻ አትወስኑ።

በቅማል የሚመጣው የሚያገረሽ ትኩሳት ግን በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል፣ እኔን የሚቆጨኝም እሱ ነው! ያው ለወባ የምትሰጡት ቢኤፍ (ደም ስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ) በቂ ነው። ዋናው ሰአቱ ነው፦ ደሙ መወሰድ ያለበት ሰውነታችሁ እየነደደ፣ ብርድ ብርድ እያላችሁ፣ አንቲባዮቲክም ሳትጀምሩ ነው። ትኩሳቱ የተወሰነ ቀን አቃጥሎ ይተዋችኋል፣ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይመለሳል፣ በመሀል "ተሻለኝ" ብላችሁ ስትመጡ ተህዋሲው ደም ውስጥ አይገኝም ማለት ይቻላል፣ ኔጌቲቭ ተብላችሁ ትሸኛላችሁ። ስለዚ ሲመለስባችሁ በዛው ቀን ሩጡ።

ላብራቶሪ ላላችሁ ደሞ፣ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ስላይድ በጊምሳ ቀቡና በ100 ኦይል እዩ። በቀይ የደም ሴሎቹ መሀል ሐምራዊ፣ ቀጭን፣ ጥምዝምዝ ያለ ክር ታገኛላችሁ። የወባ ቀለበት ብቻ የሚፈልግ አይን ክሩን አልፎት ይሄዳል፣ ወባ ተገኘ ብላችሁም አትተዉት፣ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

ሀኪሙ ጋ ስትገቡ ሳይጠይቃችሁ ተናገሩ፦ የት ነው ያደራችሁት፣ ብዙ ሰው አብሮ የሚተኛበት ካምፕ ነው ወይስ ጸበል ቦታ፣ ልብስ ስፌት ላይ ቅማል ወይ ቅጫም አይታችኋል፣ ከብት ጋ ነበራችሁ፣ መዥገር ነክሷችኋል። ሰው ቅማል ማለት ያፍራል፣ አትፈሩ፣ ምርመራውን የሚቀይረው እሱ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው ትኩሳቱ ሳምንታት ከቆየና ሆዱ በጣፊያ ካበጠ ካላዛርም (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ በሽታ) ይታይ፣ እሱ ግን ባክቴሪያ አይደለም፣ ምርመራውም ሌላ ነው።

ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ለምን እንደምቃወም ልንገራችሁ። የሚያገረሽ ትኩሳት ላይ አንቲባዮቲክ በተወሰደ ጥቂት ሰአት ውስጥ ተህዋሲው በጅምላ ሲሞት ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይተኮሳል፣ ከዛ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል፣ ሰው ይሞትበታል። የመጀመሪያው መድሀኒት ጤና ተቋም ውስጥ፣ ነርስ አጠገባችሁ ሆና ይሰጣችሁ።

መዥገሩ ሌላ ነው። የነከሰበት ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ካለ ሪኬትሲያ የሚባለውን ባክቴሪያ ጠርጥሩ፣ ይሄ በቢኤፍ አይታይም። ከቅርፊቱ ተወስዶ ፒሲአር (የተህዋሲውን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ) ቢሰራ ጥሩ ነው፣ የደም አንቲቦዲ ከሆነ ሁለቴ፣ በሁለት በሶስት ሳምንት ልዩነት ተሰጥቶ መነጻጸር አለበት። ሀኪሙ ከጠረጠረ ግን ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ውጤት ሳይጠብቅ ይጀምራል፣ ትክክልም ነው። መዥገሩን በእሳትና በቅቤ አታስጨንቁት፣ በወረንጦ ቆዳው ስር ይዛችሁ ቀጥ አርጋችሁ ሳቡት፣ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ክተቱና ቀኑን ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ቅማልን ደሞ በጥፍር አትጨፍልቁ፣ የሚያገረሸው ትኩሳት ተህዋሲ የሚወጣው ከተጨፈለቀው ነው፣ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። ልብሱን፣ ጋቢውን፣ አንሶላውን ቀቅሉት፣ አብሯችሁ የሚተኛ ትኩሳት ያለው ካለ እሱንም ቢኤፍ አሰሩት።