በድሬዳዋና በሐረር ከመጠጥ ሱስ ለመውጣት የድጋፍ ቡድን እንዴት ይገኛል?

የድጋፍ ቡድን በር ላይ ሰሌዳ አይሰቅልም። መጠጥ ለመተው የቆረጡ ሰዎች በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ክፍል ነው፤ የአባላቱ ስም ስለሚጠበቅ ወሬው የሚደርሰው በሰው በሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ቡድኑን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከፍለጋው በፊት

ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጥና አንድ መለኪያ ሲቀምሱ የሚረጋ ከሆነ በራስዎ ውሳኔ በአንድ ቀን አያቁሙ። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል፤ በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት። ይህ ሁኔታ ሰው ሊገድል ይችላል። በሐኪም ክትትል ግን መድኃኒቱ እየቀነሰ ተሰጥቶ በጥቂት ቀናት ይታለፋል። ቤተሰብ ክፍል ውስጥ ዘግቶ «ይወጣለታል» ማለቱ ትልቁ ስህተት ነው።

ማንን፣ ምን ብሎ መጠየቅ

ድሬዳዋ ከሆኑ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ከሆኑ ሕይወት ፋና ሆስፒታል በጠዋት ይሂዱ። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ «የአእምሮ ጤና ክፍል» ማለት ይበቃል፤ ምክንያቱን ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ማሰማት አያስፈልግም። በከተማዎ ሰው ያየኛል ብለው ከፈሩ የደንገጎን ዳገት ተሻግረው በሌላኛው ከተማ መታከም ይችላሉ፤ መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ስለሚጠጡት መጠን ሲጠየቁ አረቄውንም ጠላውንም ይቁጠሩ። ብዙ ሰው ቢራውን ብቻ ተናግሮ አረቄውን ይተዋል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን በተነገረው ልክ ያዝዛል፣ መንቀጥቀጡ ግን በተጠጣው ልክ ይመጣል።

ከዚያ ነርሱን ወይም ሐኪሙን እንዲህ ይጠይቁ፦ «መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ያውቃሉ? ከሌለ፣ እዚህ ከሚታከሙት መካከል ከእኔ ጋር መነጋገር የሚፈልግ ሰው ካለ ስልኬን ስጡት።» ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ባለሙያው የሌላውን ታካሚ ስም ሊነግርዎ አይችልም፤ የእርስዎን ቁጥር ማድረስ ግን ይችላል።

የንስሐ አባትን ወይም የሰፈር ኢማምን መጠየቅም ጥሩ ነው፤ ስንቱ ምስጢሩን ያካፈላቸው እነሱን ነው። ፀበል የሚጠመቁ ከሆነ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ይጠመቁ።

ቡድኑን መመዘን

በእኛ አካባቢ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ስለ ጫት ነው። ከሰዓት በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው አመሻሽ ላይ ምርቃናው ሲከብደው፣ እንቅልፍም እምቢ ሲለው፣ ለማብረድ ጨብሲ ይወጣል። መጠጡን የሚጠራው ጫቱ ነው። «መጠጥ ብቻ ተው፣ ጫቱ ችግር የለውም» የሚል ቡድን ሰውየውን በየማታው 12 ሰዓት ላይ መጠጥ ቤት በር ላይ ያቆመዋል። በዚህ ምክንያት የስብሰባው ሰዓትም ወሳኝ ነው፦ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ወይም 12 ሰዓት ላይ የሚሰበሰብ ቡድን አደገኛዋን ሰዓት ይሸፍናል። ጠዋት የሚሰበሰብ ቡድን ጥሩ ቢሆንም ማታውን ባዶ ይተወዋል።

መድኃኒት አቁሙ የሚል፣ መመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም በመጀመሪያ ቀን በግድ የሚያናዝዝ ቡድን ካጋጠመዎ ይተዉት። በ1935 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ፣ ለአባልነት የሚጠይቀው ለማቆም መፈለግን ብቻ ነው፤ መዋጮ ግዴታ አይደለም።

በአቅራቢያ ከሌለ

ኤኤ በዙም የሚካሄዱ ስብሰባዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ካሜራ መዝጋት፣ የፈለጉትን ስም መጻፍና ሳይናገሩ ማዳመጥ ይቻላል። ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። በግሪንዊች 20:00 የሚል ስብሰባ በእኛ አቆጣጠር ማታ 5 ሰዓት ነው፤ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከተጻፈው የግሪንዊች ሰዓት 3 ይደምሩና 6 ይቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ሌላ 12 ይቀንሱ፣ ከ1 ካነሰ 12 ይደምሩ።

ስልክዎ ከደረሳቸው ሰዎች ሁለቱ ከደወሉልዎ ደግሞ ሦስት ሆናችኋል፤ ቡድን ለመጀመር ይበቃል። ቀንና ሰዓት ቆርጡ፤ አንድ ሰው ብቻ ቢመጣም አይሰረዝ። ቦታው ሆቴል ወይም በርጫ ቤት አይሁን፤ የጤና ጣቢያ ክፍል ወይም የዕድር ቤት ይጠየቅ። 1 ሰዓት ይበቃል፦ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይናገራል፣ ማንም አያቋርጥም፣ ማንም አይመክርም። እንዲህ ያሉ ቡድኖች ቶሎ የሚፈርሱት በሁለት ነገር ነው፦ አንዱ ሰባኪ ሲሆንና አባላት ብድር መበዳደር ሲጀምሩ። ያበደረና የተበደረ ሰው ተያይተው እውነት አይናገሩም። ጠጥቶ የመጣ ሰው አይባረር፤ ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ሲያበቃ አንዱ ባጃጅ ይዞ ቤቱ ያድርሰው።

በመጀመሪያው ቀን የሁለት አባላትን ስልክ በወረቀት ጽፈው ኪስዎ ያኑሩ፤ ባትሪ ያልቃል። መደወል ያለበት ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ነው። ለምሳሌ ከበርጫ ተነስተው ጫማ ሲያጠልቁ።