የእግር ሐኪም ፈቃድ ሲታደስ፦ በተከታታይ ትምህርት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ የእግር ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አራት ዓመት የፖዲያትሪ (የእግር ሕክምና) ኮሌጅ፣ ከዚያ ላይ ሦስት ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ የሚሰጥ የተግባር ሥልጠና ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ተለፍቶ የተገኘ ፈቃድ ግን እንደ ግዛቱ ሕግ በየዓመቱ፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ለማደስ ደግሞ የተከታታይ ትምህርት ሰዓት ማሟላት ግዴታ ነው። በዚህ ሙያ የተሰማሩና ሊገቡበት የሚያስቡ ወገኖቻችን ጉዳዩን በአማርኛ አስረድቶ የሚያሳልፋቸው ሰው እምብዛም አያገኙም። ደግሞም ብዙውን ጊዜ ሐኪሙን የሚያስቸግረው አለመማሩ አይደለም፤ የተማረው ሳይቆጠርለት መቅረቱ ነው።

ጠቅላላውን ሰዓት ብቻ መቁጠር

ትልቁ ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳው። ካሊፎርኒያን እንውሰድ። የግዛቲቱ የእግር ሕክምና ቦርድ በየሁለት ዓመቱ 50 ሰዓት ይጠይቃል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ከ50ው ውስጥ ቢያንስ 12ቱ ከወገብ በታች ያለውን የጡንቻና የአጥንት ሥርዓት የሚመለከቱ መሆን አለባቸው። ስለ ክሊኒክ አስተዳደር ወይም ስለ ኢንሹራንስ ክፍያ የሚሰጥ ትምህርት ለሥራው የቱንም ያህል ቢጠቅም፣ ሕመምተኛን ከማከም ጋር በቀጥታ ካልተያያዘ ሰዓቱ ላይያዝልዎ ይችላል።

ከዚህ ሌላ ካሊፎርኒያ ከሰዓቱ ውጭ የሚቆም አንድ ተጨማሪ ግዴታ አላት፦ ብቃትዎ እንዳልተቋረጠ ማሳየት። ማሳያ መንገዶቹ ብዙ ናቸው፤ አንዱን ማሟላት ይበቃል። ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተፈቀደ ሬዚደንሲ ወይም ፌሎሺፕ መጨረስ፣ የስፔሻሊቲ ቦርድ (ከግዛቱ ቦርድ የተለየ፣ የልዩ ሙያ ብቃትን የሚያረጋግጥ አካል) ፈተና ማለፍ፣ ወይም ባለፉት 5 ዓመታት ከሆስፒታል የሥራ መብት ማግኘት ወይም ማሳደስ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አዲስ ሐኪም ሬዚደንሲውን በቅርቡ ስለጨረሰ ይህን መስፈርት ሳያውቀው ያሟላል። አደጋው ኋላ ይመጣል፤ 10 ዓመቱ ሲያልፍ ያ መሸፈኛ ያበቃል። የስፔሻሊቲ ቦርድ ምስክር ወረቀት ያልያዘና ከሆስፒታል ጋር ግንኙነት የሌለው፣ የራሱን ክሊኒክ ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሐኪም 50 ሰዓቱን ሞልቶም እድሳቱ ላይ ሊቆም ይችላል። ሬዚደንሲ የጨረሱበትን ዓመት አሁኑኑ ይጻፉና 10 ይደምሩበት። ከዚያ ዓመት በፊት ሌላውን መንገድ ማዘጋጀት ይኖርብዎታል።

በጎረቤት ግዛት ሕግ መሄድ

ጓደኛ የነገረን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ግዛት። ኒውዮርክ 50 ሰዓቱን በሦስት ዓመት ውስጥ ትጠይቃለች። ፍሎሪዳ በሁለት ዓመት 40 ሰዓት ትላለች፣ ከዚያ ውስጥ 2 ሰዓቱ የሕክምና ስህተትን ስለመከላከል ነው። ቨርጂኒያ በሁለት ዓመት 60 ትላለች፤ ቢያንስ 30ው የመጀመሪያው ዓይነት የሚባለው፣ እውቅና ያለው ድርጅት የመዘገበውና ያረጋገጠው ትምህርት መሆን አለበት። ቴክሳስ በሁለት ዓመት 50 ነች፤ ነገር ግን ከ2017 ወዲህ ሙያውን የሚቆጣጠረው የግዛቱ የፈቃድ አሰጣጥ መሥሪያ ቤት ስለሆነ የድሮውን ቦርድ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

በሁለት ግዛቶች ፈቃድ ያለው ሰው ጥብቅ በሆነው ሕግ ቢያቅድ ይሻለዋል፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ግዛት የየራሱን ዝርዝር መያዝ ይኖርበታል። አንዱ ግዛት በስም የሚጠይቀውን ርዕስ ሌላው ላይጠይቅ ይችላልና። ሕግ ስለሚቀያየርም እድሳቱ በሚደርስበት ዓመት የራስዎን ቦርድ ገጽ ደግመው ያንብቡ።

ወረቀት ላይ ያለውን የልደት ወር መርሳት

ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። በካሊፎርኒያ ፈቃዱ የሚያበቃው በልደት ወር የመጨረሻ ቀን ነው። በቨርጂኒያም እድሳቱ በልደት ወር ነው፣ እሱም በየሙሉ ቁጥር ዓመቱ፤ 2026፣ 2028 እያለ ይሄዳል። ስንቶቻችን ነን ሰነዳችን ላይ ያለው የልደት ቀን በትክክል የተወለድንበት ያልሆነ? አንዳንዱ ከእኛ አቆጣጠር ሲመነዘር ተዛብቷል፣ አንዳንዱ ስደት ላይ ሲሞላ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ቀርቷል። ቦርዱ የሚያየው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ቤተሰብ ልደትዎን መስከረም ላይ ቢያከብርልዎም፣ ፋይሉ ላይ ጃንዋሪ ካለ ቀነ ገደብዎ ጃንዋሪ ነው።

የሰጠው ማን እንደሆነ ሳያጣሩ መመዝገብ

የመድኃኒት ወይም የቁስል መሸፈኛ ኩባንያ እራት ጋብዞ የሚሰጠው ገለጻ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓት ሆኖ መቆጠሩ ግን በራሱ የተረጋገጠ አይደለም። በፖዲያትሪ ዋነኛው መለኪያ አዘጋጁ በእግር ሕክምና ትምህርት ምክር ቤት፣ በተለምዶ ሲፒኤምኢ በሚባለው፣ እውቅና ያገኘ መሆኑ ነው። አንዳንድ ግዛቶች ለሌሎች ሐኪሞች እውቅና ያገኘውን፣ ካቴጎሪ አንድ የሚባለውን ኮርስም ይቀበላሉ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የእውቅናውን መግለጫ ይፈልጉ፤ ከሌለ በኢሜይል ጠይቀው መልሱን ያስቀምጡ።

ለሰዓት ሲሉ ብቻ መማር

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። 50 ሰዓት ትንሽ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ግን ርካሽና ፈጣን የሆነውን ይመርጥና ሕመምተኛው ከዚያ ምንም ሳያገኝ ይቀራል። በስኳር ሕመም የሚሠቃዩ እናቶችና አባቶች ያሏቸው ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። እናቶቻችን ካልሲ አውልቀው እግራቸውን ለሐኪም ማሳየት ያፍራሉ፤ እግራቸው ደንዝዞ ቁስሉን ሳያውቁት ይቆያሉ። የ10 ግራም ሞኖፊላመንት ምርመራ (የእግርን ስሜት በቀጭን የናይለን ክር መፈተሽ)፣ የእግርን ደም ዝውውር በቁርጭምጭሚትና በክንድ የደም ግፊት ንጽጽር መለካት፣ የተበከለን ቁስል በጊዜ ለይቶ ወደ ሆስፒታል ማስተላለፍ፤ እነዚህ እግርን ከመቆረጥ ያድናሉ። በእነዚህ ላይ የሚወስዱት ኮርስ ለፈቃዱም ለሕመምተኛውም ይሆናል። ሀገር ቤት ሄዶ የማገልገል ሐሳብ ላለው ደግሞ በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን ማጥናት ተገቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙም የማይታይ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የብዙ ገበሬ ቤተሰብ ሸክም የሆነ በሽታ ነው።

የግዛቱን ፈቃድና የዲኢኤን ምዝገባ ማደባለቅ

ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች የሚያዝ ሐኪም በፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ በዲኢኤ፣ መመዝገብ አለበት፤ ይህ ምዝገባ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ከጁን 27 ቀን 2023 ወዲህ ሲመዘገቡ ወይም ሲያሳድሱ ስለ ሱስ ሕክምና አንድ ጊዜ የ8 ሰዓት ሥልጠና እንደወሰዱ ያረጋግጣሉ። ይህን መፈጸም የግዛቱን ሰዓት ሞላ ማለት አይደለም። የስፔሻሊቲ ቦርድ ምስክር ወረቀትም እንዲሁ ሌላ ጉዳይ ነው።

ምስክር ወረቀት ሳይዙ መፈረም

ሲያሳድሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቁት «አሟልቻለሁ» ብለው እንዲፈርሙ ነው። ወረቀቱ የሚፈለገው በዕጣ ለኦዲት ሲመረጡ ነው። በዚያን ጊዜ ኮርሱን የሰጠው ድርጅት ተዘግቶ ወይም ኢሜይልዎ ተቀይሮ ሊያገኙ ይችላሉ። ቨርጂኒያ ማስረጃው ከእድሳቱ በኋላ ለ6 ዓመት እንዲቀመጥ ትጠይቃለች፤ ሌላ ቦታም ቢሆን ይህን ያህል ማስቀመጥ አይከፋም። ፍሎሪዳ ውስጥ ሰዓቱ ሲኢ ብሮከር በተባለው ሥርዓት ይመዘገባል፤ ከዚያ ውስጥ መግባቱን ራስዎ ያረጋግጡ። ሰዓት ቢጎድልዎ ደግሞ እውነቱን ለቦርዱ ጽፈው መፍትሔ ይጠይቁ። የጎደለ ሰዓት ይሞላል፤ በሐሰት መፈረም ግን ከሙያ ሥነ ምግባር ጥሰት ይቆጠራል፣ መዝገብዎ ላይም ይቀራል።

ሁሉን ወደ መጨረሻው ወር መግፋት

አንዳንድ ግዛቶች በኢንተርኔት በራስ ጊዜ የሚወሰደውን ትምህርት መጠን ይገድባሉ፤ ቀሪው በአካል ነው። ትላልቆቹ ጉባኤዎች ደግሞ እርስዎን አይጠብቁም፦ የኒውዮርኩ ጃንዋሪ ላይ፣ የካሊፎርኒያው ጁን ላይ ነው የሚደረገው። ኦክቶበር ላይ የሚያሳድስ ሰው ሁለቱም አልፈውታል።

ፈቃዱን ሳያስተካክሉ ሀገር ቤት መግባት

ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ኢትዮጵያ ሊያገለግሉ የሚሄዱ ሐኪሞች በዚያ ሲደክሙ የዚህኛው ቀነ ገደብ የሚቆም ይመስላቸዋል። አይቆምም። የበጎ ፈቃድ ሥራም በራሱ የትምህርት ሰዓት አይሆንም። ከመነሳትዎ በፊት ቦርዱ ፈቃድን ለጊዜው ሥራ ላይ ያልዋለ ብሎ የሚመዘግብበት መንገድ እንዳለው ይጠይቁ። እንደዚያ ተመዝግቦ ሳለ በግዛቱ ውስጥ ማከም አይቻልም፤ ሲመለሱም የጎደለውን ሰዓት ማቅረብ ሊጠበቅብዎት ይችላል። የአድራሻ ለውጥዎንም ሳይሄዱ ያስመዝግቡ፤ ማሳሰቢያው በድሮው አድራሻ ስለደረሰ አላየሁትም ማለት ቀነ ገደቡን አያራዝመውም።