ያረጀ ዴስክቶፕ ፓወር ሳፕላይ እንዴት እንደሚጠገን

አሥር ዓመት ያገለገለ ዴስክቶፕ ቁልፉ ሲነካ ዝም ካለ፣ ወይም ሦስት አራቴ ተሞክሮ በስንት መከራ ከተነሳ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ሳፕላዩ፣ ማለትም መብራቱን ለኮምፒውተሩ ወደሚስማማ ዝቅተኛ ቮልት የሚቀይረው ሳጥን ነው። በእርጅና ከሚበላሹት ውስጥ ብዙዎቹ የሚሞቱት በደረቁ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) ነው። እነሱ ደግሞ ርካሽ ናቸው፤ በእጅ ይቀየራሉ።

አደጋው ግን እውነተኛ ነው። 230 ቮልት መብራት ወደ ቀጥታ ከረንት ሲቀየር 325 ቮልት አካባቢ ይደርሳል፤ አክቲቭ ፒኤፍሲ (ከመብራቱ የሚሳበውን ከረንት የሚያስተካክል ክፍል) ባላቸው ሞዴሎች 390 ገደማ ይሆናል። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ይህን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይህ መጠን ሰው ይገድላል። በኤሌክትሪክ ሥራ ልምድ ከሌለዎት ክዳኑ ሳይከፈት የሚሠራውን የመጀመሪያውን ምርመራ ብቻ ይሥሩ፤ ብልሽቱ ከተረጋገጠ ፓወር ሳፕላዩን በአዲስ ይቀይሩ።

1. ሳይከፍቱ መለካት

ገመዱንና ሶኬቱን በሌላ ይሞክሩ። ከኋላ 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ ካለው በአካባቢው መብራት ልክ መሆኑን ይዩ። 115 ላይ ሆኖ 230 ከገባበት ፊውዙ ይቃጠላል፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮችም ሊፈነዱ ይችላሉ።

ከዚያ ከፓወር ሳፕላዩ የሚወጡትን ገመዶች ሁሉ ከማዘርቦርዱ፣ ከሃርድ ዲስኩና ከካርዶቹ ይንቀሉ። ስፒናውን ይሰኩና መልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያውን) በሐምራዊውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል ያድርጉ። ምንም ሳይበራ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መታየት አለበት። ምንም ከሌለ ፊውዙ ወይም የስታንድባይ ክፍሉ (ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን የሚሠራው ክፍል) ሞቷል።

ካለ በ24 ቀዳዳው (በአሮጌዎቹ 20) ማገናኛ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኙ። ማራገቢያው መዞር አለበት። ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ግራጫው ደግሞ 5 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለባቸው። አሮጌ ፓወር ሳፕላይ ያለ ጭነት (ኃይል የሚስብ ዕቃ ሳይሰካበት) ለመነሳት እምቢ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ በቢጫና በጥቁር መካከል የ12 ቮልት 21 ዋት የመኪና አምፖል፣ በቀይና በጥቁር መካከል ደግሞ 5 ኦም 10 ዋት ሪዚስተር ያስገቡ። ሪዚስተሩ ይግላል፤ አይንኩት። አንዳንድ አምራቾች በተመሳሳይ ማገናኛ ላይ የራሳቸውን የሽቦ አቀማመጥ ይጠቀማሉ፤ ቀለሞቹ ካልተዛመዱ በጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ አይቀጥሉ።

በጭነት ሁሉም ልክ ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ማዘርቦርዱ፣ የፊት ቁልፉ ወይም ሾርት ያደረገ ካርድ ሊሆን ይችላል።

2. መክፈትና ማራገፍ

ስፒናውን ነቅለው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ አራቱን ብሎን ይፍቱ። ካፓሲተሮቹ የያዙትን ኤሌክትሪክ ለማራገፍ 10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሪዚስተር እግሮቹን ጫፋቸው ብቻ እስኪቀር በደንብ ሸፍነው በእያንዳንዱ ትልቅ ካፓሲተር ሁለት እግሮች መካከል ለ20 ሰከንድ ያህል ይያዙ። ሲጨርሱ ይለኩ፤ ጥቂት ቮልት ብቻ ከቀረ እጅ ማስገባት ይቻላል። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው በካቻቢቴ ሾርት ማድረግ አይገባም፤ ብልጭታው የቦርዱን መስመር ያቃጥላል፣ እጅንም ይጎዳል።

3. ማየት

አቧራውን በብሩሽ ያውጡ። በውጤት ሽቦዎቹ ሥር የተደረደሩት ካፓሲተሮች አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካበጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጣ ሞቷል። ዕቃዎቹን የያዘው ማጣበቂያ ከጊዜ ብዛት ጠቁሮ ከሆነ ፍቀው ያንሱት፤ እንዲህ ሲሆን ከረንት ማስተላለፍና የእግሮቹን ብረት መብላት ይጀምራል።

ፊውዙ ተቃጥሎ መስታወቱ ከጠቆረ ከኋላው ከባድ ሾርት አለ ማለት ነው። ብሪጅ ዳዮዱን (መብራቱን ወደ ቀጥታ ከረንት የሚቀይረውን) እና ሙቀት መበተኛው ላይ የታሰሩትን ትራንዚስተሮች ሳይለኩ አዲስ ፊውዝ ቢያስገቡ እሱም ወዲያው ይሄዳል። በሽቦ መተካት ወይም አምፒሩን ከፍ ማድረግ እሳት መጥራት ነው። ትራንዚስተሮቹም ሆኑ የሚመራቸው ቺፕ ከሄዱ፣ በእኛ አስተያየት ጥገናው አይመከርም።

4. ትንሿ ካፓሲተር

ብዙ ጠጋኝ የሚያልፋት ይህችን ነው። በብዙ አሮጌና ርካሽ ሞዴሎች የስታንድባይ ክፍሉ በአንድ ሁለት ትራንዚስተር የሚሠራ ቀላል ወረዳ (ሰርኪዩት) ነው። የሚያወጣውን ቮልቴጅ የሚመዝነው በአንዲት ትንሽ ካፓሲተር በኩል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 47 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት፤ ቦታዋም ከትንሹ ትራንስፎርመር አጠገብ፣ ሙቀት በሚበዛበት። ስትደርቅ ወረዳው ቮልቴጁ ያነሰ ይመስለውና ይጨምራል፤ 5 መሆን የሚገባው ሐምራዊ ሽቦ ከልኩ እጅግ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ይህ ሽቦ ማዘርቦርዱን ስለሚመግብ፣ በአንድ ሌሊት ማዘርቦርዱን ሊገድል ይችላል። ትንሽ ስለሆነች ደግሞ አታብጥም፤ በዓይን አትታወቅም። ስለዚህ ክዳኑ ከተከፈተ ደህና ብትመስልም ይቀይሯት።

5. መቀየር

ከማውጣትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። ምትኩ ማይክሮፋራዱ ተመሳሳይ፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀት መቻያው 105 ዲግሪ፣ ዓይነቱም ለፓወር ሳፕላይ የተሠራ ውስጣዊ ተቃውሞው ዝቅተኛ የሆነ ይሁን። ተራው ዓይነት ቶሎ ሊያብጥ ይችላል። ስፋቱንም ይለኩ፤ 8 ሚሊሜትር ቦታ ላይ 10 ሚሊሜትር አይገባም። ጎኑ ላይ ያለው ሰንበር የኔጌቲቩ ምልክት ነው፤ ተገልብጦ የገባ ካፓሲተር ይፈነዳል።

60 ዋት መበየጃ ይበቃል። ጥቁሮቹ ሽቦዎች ያሉበት ሰፊ መዳብ ሙቀቱን ስለሚውጠው አሮጌው ሊድ (የመበየጃው ብረት) በቀላሉ አይቀልጥም፤ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምረውበት አብረው ያቅልጡና በመምጠጫ ይሳቡት። በጉልበት ከሳቡ መስመሩ ከካፓሲተሩ ጋር ተነቅሎ ይመጣል።

6. መሞከር

በመጀመሪያው ሙከራ ክሩ የሚግል 60 ወይም 100 ዋት አምፖል ከመብራቱ ጋር በተከታታይ (ከረንቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ ፓወር ሳፕላዩ እንዲገባ) ያስገቡ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለና ወዲያው ይንቀሉ። በዚህ ሁኔታ ሐምራዊውን ብቻ ይለኩ። የውስጡን ሙቀት መበተኛ ብረት አይንኩ፤ በቀጥታ ከመብራቱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ስፒናውን ነቅለው ካፓሲተሮቹን እንደገና ያራግፉ፤ አምፖሉን ያውጡ፣ ክዳኑን ይግጠሙና የመኪናውን አምፖልና ሪዚስተሩን አስገብተው ለግማሽ ሰዓት ያሠሩት። ቮልቴጆቹን በመጀመሪያው ደቂቃና በመጨረሻው ይለኩ። ሲሞቅ ከክልሉ የሚወጣ ከሆነ ያልተቀየረ የደረቀ ካፓሲተር አለ። ማራገቢያው የሚያጉረመርም ከሆነም አሁኑኑ በተመሳሳይ መጠን ባለው የ12 ቮልት ማራገቢያ ይቀየር፤ አዲሶቹን ካፓሲተሮች ቀድሞ የሚያደርቃቸው ሙቀት ነውና። ሐምራዊው ከ5.25 በላይ ሳይወጣ ግማሽ ሰዓቱን ከጨረሰ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰኩት።