ቁጠባው ሳይደርስ ጡረታ ለደረሰበት ዳያስፖራ፦ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ከመመለስ በፊት

ዕድሜ 55 አልፎ ባንክ ያለው ገንዘብ ሁለት ዓመት እንኳ የማያኖር ሲሆን፣ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ቤት መጀመር ነው። ያለችው ጥሪት መሠረትና ኮለን ላይ ታልቃለች፣ ቤቱ ጣሪያ ሳይለብስ ይቆማል፣ ባለቤቱም የቀረውን ስሚንቶ ለመግዛት 70 ዓመቱ ድረስ የሌሊት ፈረቃ ይገባል። እኛ የምንመክረው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ በየወሩ ዕድሜ ልክ የሚገባ ገንዘብ፣ ከዚያ ቤት። 300 ዶላር በየወሩ የሚገባለት ተከራይ፣ ግማሽ ፎቅ ኖሮት ኪሱ ባዶ ከሆነ ሰው ይሻላል።

የሠሩበትን ዓመት መቁጠር

ያሉበት ሀገር የጡረታ ሕግ ዝቅተኛ ዓመት አለው። ከዚያ በታች ሲሆን የሚከፈለው ትንሽ አይደለም፣ ምንም ነው። ስለዚህ ሻንጣ ከመሸከፍ በፊት የሚታየው ይኸው ቁጥር ነው።

አሜሪካ ያለ ሰው 40 ክሬዲት፣ ማለትም በሥራ ገቢ የሚቆጠር ነጥብ፣ ያስፈልገዋል። በዓመት ቢበዛ 4 ስለሚገኝ ወደ 10 ዓመት ሥራ ማለት ነው። የአሜሪካን ጡረታ በሚከፍለው በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ የራስዎን ሂሳብ ከፍተው በየዓመቱ የተመዘገበልዎትን ገቢ አንድ በአንድ ይዩ። 36 ክሬዲት ይዞ ድሬዳዋ የገባ ሰው አንድ ዓመት ቢታገሥ ያገኝ የነበረውን የዕድሜ ልክ ገንዘብ ጥሎ መጥቷል። ሌላው ብዙዎች የማያውቁት፣ ክፍያው የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ በተገኘባቸው 35 ዓመታት አማካይ መሆኑ ነው። 20 ዓመት ብቻ የሠራ ሰው 15 ዜሮዎች ይገቡበታል። ታክሲ የሚነዱና ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን ግብር ለማሳነስ ወጪውን እያበዙ የተጣራ ገቢያቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ጡረታቸውንም አብረው ይቆርጣሉ። ከ55 በኋላ ባሉት ዓመታት ገቢን በትክክል ማስመዝገብ አንዱን ዜሮ በሙሉ ዓመት ይተካል።

መቼ መጀመር ይሻላል? በ1960 እ.ኤ.አ. እና ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሙሉው ዕድሜ 67 ነው። በ67 ዓመቱ 1,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው በ62 ቢጀምር 700፣ እስከ 70 ቢጠብቅ 1,240 ያገኛል። በ62 ጀምሮ ድሬዳዋ መኖር ለአንዳንዱ ያዋጣል፣ ጤናው ያልቆመለት በተለይ። ግን ቅነሳው የአምስት ዓመት ሳይሆን የዕድሜ ልክ ነው።

ዜግነት እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ዜጋ ያልሆነ ተከፋይ ከአሜሪካ ውጭ 6 ወር ሲሞላው፣ በሕጉ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች ካልገባ በቀር ክፍያው ይቆማል። ግሪን ካርድ ራሱ ያለ መመለሻ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ሲቆዩ አደጋ ላይ ይወድቃል። ጡረታቸውን ሐረር ተቀምጠው ሊበሉ ያሰቡ ሰዎች መጀመሪያ ዜግነቱን ይጨርሱ የምንለው ለዚህ ነው። ኤስኤስአይ የሚባለው ለአነስተኛ ገቢ የሚሰጠው ድጎማ ደግሞ ለዜጋም ቢሆን 30 ቀን ከሀገር ሲወጡ ይቋረጣል፤ እሱን ቆጥሮ የመመለስ ዕቅድ ማውጣት አይቻልም። አሜሪካ ኖራ የማታውቅ ሚስትም በባሏ ስም የሚከፈለውን ሐረር ሆና ማግኘቷ በቀላሉ የሚሆን አይደለም፤ ዜጋ ካልሆነች በአብዛኛው በጋብቻው ዘመን 5 ዓመት አሜሪካ መኖሯ ይጠየቃል። ውጭ ለሚኖሩ ተከፋዮች ቁጥሩ 7162 የሆነ መጠይቅ በፖስታ ይላካል። ሞልተው ካልመለሱ ክፍያው ይታገዳል። ፖስታ ሳጥን ቁጥርዎ የዘመድ ከሆነ፣ ከወር ወር ሳይከፈት የሚቆይ ሳጥን አይሁን።

ካናዳ ውስጥ የሐረር ሰው ብዙ ስለሆነ ይህን ልብ ይበሉ። የዕድሜ ጡረታው ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ 10 ዓመት ለኖረ በ65 ይጀምራል። ሀገር ለቅቆ እየኖሩ ያለማቋረጥ ለመቀበል ግን 20 ዓመት ይጠይቃል። 18 ዓመት ኖሮ የሚመለስ ሰው ሁለት ዓመት ቢጨምር ልዩነቱ የሁሉና የምንም ነው። እንግሊዝ 10 ዓመት ዝቅተኛው፣ 35 ዓመት ሙሉው ነው፤ ኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው መጠን ባለበት ይቆማል፣ የዓመቱ ጭማሪ አይሰጥም። ጀርመን 5 ዓመት መዋጮ ይበቃል።

ሳዑዲ ያለ ሠራተኛ የወር ጡረታ የለውም። ያለው የሥራ ማብቂያ ክፍያ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው በየዓመቱ የሙሉ ወር። 2,000 ሪያል የሚከፈለው ሰው 12 ዓመት ሠርቶ ውሉ በሥርዓት ሲያበቃ 5,000 እና 14,000፣ በድምሩ 19,000 ሪያል ይገባዋል። ራሱ ከለቀቀ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላገለገለ ሲሶው፣ ከ5 እስከ 10 ሁለት ሦስተኛው፣ ከ10 በላይ ሙሉው ነው። በ9 ዓመት ከ10 ወር «በቃኝ» ብሎ መልቀቅ ብዙ ያስከፍላል። የቤት ሠራተኞች ደንብ የተለየና ያነሰ ነው።

ሀገር ቤት ያለውን ወንድም «ሥራህን ተው» ማለት

ከውጭ የሚደረግ ትልቁ ስህተት ይህ ነው ብለን እናምናለን። ወንድም ወይም እህት 52 ዓመታቸው፣ ሥራው ያደክማል፣ ደመወዙ ትንሽ ነው፤ «እኔ እልካለሁ፣ ተቀመጥ» ይባላል። ሰባት ዓመት ጡረታ የተቆረጠለት ሰው ነው እንበል። ሦስት ዓመት ቢጨምር የወር ጡረታ ያገኝ ነበር፤ ከለቀቀ የወር ጡረታው ይቀርበታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በኢትዮጵያ የጡረታ ዕድሜ 60፣ ዝቅተኛው አገልግሎት 10 ዓመት። 10 ዓመት ላገለገለ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይከፈላል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሰው በ10 ዓመት 2,400 ብር፣ በ22 ዓመት 3,600 ብር ያገኛል። ሲሞትም ለሚስቱ ወይም ለባሏ ግማሹ ይተላለፋል። ከእርስዎ የሚላከው ግን ከእርስዎ ሥራ ጋር ይቆማል።

ከግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባል። የሚበላሸው እዚህ ነው፤ አሠሪው ከደመወዝ ቆርጦ አያስገባም፣ ወይም ደመወዙን በወረቀት ዝቅ አድርጎ ያስመዘግባል። በየዓመቱ ዘመድዎ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ሄዶ መዋጮው መግባቱን እንዲያጣራ ያድርጉ፤ ጡረታ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው የተገኘ ጉድለት ለመሙላት ድርጅቱ ራሱ ላይኖር ይችላል። ሁለተኛው ችግር የልደት ቀን ነው። የሚሠራው መጀመሪያ ሲቀጠር ፎርም ላይ የጻፈው ነው፤ በኋላ ከቀበሌ የሚመጣ ሌላ ዕድሜ አይቀበሉትም። አያት ስም ላይ አንድ ፊደል ቢለይም ከፋይዳ መታወቂያው ጋር ሳይገጥም ሰው ያመላልሳል።

እርስዎ ራስዎ ተመልሰው ተቀጥረው ጡረታ ልሙላ ካሉ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሰው የውጭ ዜጋ ነው ተብሎ ከጡረታ አይገለልም። ግን 10 ዓመቱ ከ60 በፊት መሙላት ስላለበት፣ ቀደም ብሎ የተቆረጠለት አገልግሎት ከሌለ ከ50 በኋላ የጀመረ ሰው አይደርስበትም።

ገንዘቡና ቤቱ

ብር ላይ ጡረታን ማስቀመጥ አይመከርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 1 ሚሊዮን ብር የነበረው ሰው በዋዜማው 17,000 ዶላር ገደማ ነበረው። ዶላሩ 115 ብር ሲገባ 8,700 ገደማ ቀረው። የሦስትና አራት ወር ወጪ ብቻ በብር ይያዝ፤ የቀረው ባሉበት ሀገር ወይም በዳያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ይቀመጥ።

ቤት የግድ ከሆነ ከትልቁ ቤት በፊት ሁለትና ሦስት የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች ይሠሩ፤ ራሳቸው ለቀሪው ያዋጣሉ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ቢያንስ 2 ዓመት ይቆያል፣ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ አይጠየቅም፣ ኪራዩም ተቆጣጣሪው በዓመት ከሚያወጣው መጠን በላይ አይጨመርም። የገቢ ዕቅድዎን በዚህ ልክ ያውጡ።

ቦታ ሲገዙ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለውን በርካሽነቱ አይውሰዱ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ አሸዋው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ መስሎ ይታያል። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ አለው፤ በርካሽ የተገዛ ቧንቧና የውሃ ማሞቂያ ቶሎ ይደፈናል፣ ሮቶውም በየጊዜው መታጠብ አለበት። ሐረር ጀጎል ውስጥ የቆየ ቤት የሚገዛ ደግሞ፣ ጀጎል በ1998 በዩኔስኮ ስለተመዘገበ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ማፍረስም ሆነ ፎቅ መጨመር እንደማይቻል አውቆ ይግባ።

ሕክምና

የአሜሪካው የአረጋውያን ጤና መድን ሜዲኬር ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታልም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታልም ላይ አይከፍልም። የመድኃኒትዎን የወር ዋጋ በድሬዳዋ ፋርማሲ አስጠይቀው በጀቱ ውስጥ ያስገቡ፤ ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው በዚህ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በድሬ ሙቀት መብራት ሲጠፋ የሚያስቀምጥበትን ሳያዘጋጅ አይምጣ። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች ለዚህ ትሻላለች። እዚያ ላሉ ወላጆች የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን መዋጮ በየዓመቱ በምዝገባው ወቅት ይታደስ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይጻፍ ሆስፒታል መሄድ ሽፋኑን ያሳጣል። የእናትን እድር፣ ሐረር ከሆነ አፎቻዋን፣ መዋጮው እንዳይቋረጥ ይከታተሉ።

ውክልና

«ሙሉ ውክልና» የሚለው ቃል ያሳስታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና የሚያስችለው ማስተዳደር ነው፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ እስከ 3 ዓመት ማከራየት፣ ከባለዕዳ ገንዘብ መሰብሰብ። ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ መክሰስ በአንቀጽ 2205 በግልጽ ተጽፎ መሰጠት አለበት። ስለዚህ ለኪራይ ጠባቂው የመሸጥ ሥልጣን አይጻፍለት። የሚጻፈው ውክልና ለክርክር እንዳይዳርግ፣ የተወካዩ ስም እስከ አያት፣ የቤቱ ካርታ ቁጥርና የባንክ ሂሳቡ ይጠቀሱ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አረጋግጦ ሲልክ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ኢትዮጵያ ሀገሮች ሰነድን በአንድ ማኅተም የሚቀባበሉበት የአፖስቲል ስምምነት አባል ስላልሆነች የአፖስቲል ማኅተም ብቻ ያለበት ወረቀት አይሠራም።

ውክልና ሰጪው ሲሞት ያበቃል፤ ወኪሉ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው ገንዘብ ወራሾቹን ፍርድ ቤት ያደርሳል። ጡረታ መቀበያው ሂሳብ፣ የቤቱ ካርታና የኪራይ ውሉ ኮፒ ከወኪሉ ሌላ አንድ ሰው ጋር ይቀመጥ።