የፍሬን ፔዳሉ ሲደነድን፦ የናፍጣ ሚኒባስ ቫኪዩም ችግርና መፍትሄ

የፍሬን ዘይቱን፣ ሸራውንና የዲናሞውን ቺንጋ አይታችኋል ብዬ ልጀምር። እሱን ሳያይ ጋራዥ የሚመጣ ሰው ያናድደኛል።

ፍሬን ስትረግጡ እግራችሁን የሚያግዘው ቫኪዩም ነው፤ አየር ተመጦ የሚፈጠር የመሳብ ኃይል ማለት ነው። ቤንዚን ሞተር ቫኪዩም ከራሱ አየር መሳቢያ ያገኛል። ናፍጣ ግን ያን ስለማይሰጥ ፓምፕ ይፈልጋል። በዶልፊን ሚኒባስ ላይ ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተገጥሞ አብሮ ይዞራል፤ የሞተሩን ዘይትም በቀጭን ቱቦ ይጠጣል።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉ እስኪደነድን ርገጡ። እግራችሁን ሳታነሱ አስነሱት። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው፣ ማለትም በቫኪዩም የእግራችሁን ጉልበት የሚያበዛው ክፍል፣ ይሠራል። ስትረግጡ ሽሽ የሚል ድምፅ ከፔዳሉ በኩል ከመጣ ሰርቮው ተቀዷል፤ ቀይሩት።

ጠዋት ደህና፣ ሲሞቅ ደንዳና። የጎጃም መንገድ ላይ የሚያሰለቸኝ ይሄ ነው። ከደብረ ማርቆስ ሲነሳ ፍሬኑ ቅቤ ነው። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ሞተሩ ይግላል፣ ሹፌሩ ደጋግሞ ይረግጣል፣ ፔዳሉ አልገባም ይላል። ቆመው ኮፈኑን ሲከፍቱ ምንም የለም።

ጥፋተኛው ከፓምፑ ወደ ሰርቮው የሚሄደው የቫኪዩም ቱቦ ነው። ሰው የውሃ ቱቦ ቆርጦ ይገጥማል። የውሃ ቱቦ የተሠራው ከውስጥ ለሚገፋው ነው፤ ቫኪዩም ደግሞ ወደ ውስጥ ይመጠዋል። ሲግል ይለሰልስና መታጠፊያው ላይ ይጣበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ አየር ሲገባ ተመልሶ ክብ ይሆናል። መካኒኩም «ደህና ነው» ይላል!

አንድ የፍኖተ ሰላም ሹፌር ሰርቮ አስቀይሮ፣ ፓምፕ አስቀይሮ፣ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ማስተርም አስፈትቶ መጣ። ሞተሩን አሙቀን ቱቦውን ስዳብሰው መታጠፊያው ላይ ሁለቱ ግድግዳዎች ተነካክተዋል። ያን ሁሉ ብር የበላው አንድ ክንድ የማይሞላ ጎማ ነው።

ስለዚህ ቱቦውን ሞተሩ ሞቆ እየሠራ እያለ ዳብሱት። እጃችሁን ከቺንጋውና ከፋኑ አርቁ። ወፍራም፣ ውስጡ ክር ያለው የቫኪዩም ቱቦ ግዙ። ደግሞ አንዳንዱ መኪና ላይ ቼክ ቫልቩ (አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ቱቦው ውስጥ ነው የተቀበረው፤ ከአሮጌው ጋር የሚጥሉት አሉ። ያኔ ሞተሩ እንደጠፋ ፍሬኑም አብሮ ይደነድናል። ቫልቩን በአፋችሁ ንፉበት፤ በአንድ በኩል ብቻ ማለፍ አለበት። አቅጣጫው አየር ከሰርቮ ወደ ፓምፕ የሚያሳልፍ ይሁን።

ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር ማጥፋት? በፍጹም። ፓምፑ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ማርሽ ቀንሱ።

ዲናሞው ዘይት ለብሶ የባትሪ መብራት ሲበራ። በፓምፑና በዲናሞው መሃል ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) አልቋል። ፓራኦሊዮውን ለውጡ፣ ዲናሞውን አስጠርጉ። ዘይት ያፈሳል ብሎ የፓምፑን ዘይት ቱቦ በቡሎን የደፈነ ጉደኛ አይቻለሁ። ፓምፑ ደርቆ ምላጮቹን በላ።

ፍሬን ዘይት ውጭ ሳያፈስ ከጎደለ ወደ ሰርቮው እየገባ ነው፤ የማስተሩን ጎሚኒ (ዘይት የሚይዘውን ጎማ) እዩ።

የፓምፑን ቫኪዩም በመለኪያ የምታዩ ደግሞ የቦታውን ከፍታ አስቡ። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየር ግፊቱ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ 565 አካባቢ። አንደኛ ደረጃ ፓምፕም ከዚያ አያልፍም። መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር አልሞላም ብላችሁ ደህና ፓምፕ አትጣሉ። ያንኑ ፓምፕ ዝቅ ባለችው ባሕር ዳር ከተማ ብትለኩት ከፍ ብሎ ያነባል።