ንግግር ለጠፋበት ሰው ዜማ ሞክሩለት

ቤታችሁ ስትሮክ መትቶት መናገር ያቃተው ሰው ካለ ይቺን ልንገራችሁ። አብራችሁት ዘምሩ።

አክስቴ ስትታመም "ውሃ" ማለት እንኳ አቅቷት በእጇ ታሳየን ነበር። አንድ ቀን ነፋስ እንድታገኝ ብለን ጣና ዳር ወሰድናት። አጠገባችን ልጆች መዝሙር ጀመሩ። እሷም ቃሉን ሳትስት ተከተለች! ሁላችንም አለቀስን።

በአብዛኞቻችን ንግግርን በዋናነት የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል ነው። ዜማ ግን ቀኙንም ያሠራል። ስለዚህ ግራው ቢጎዳም መዝሙር ሊተርፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ቦስተን ያሉ ባለሙያዎች ይህን ይዘው በዜማ ንግግር የማስመለስ ሕክምና አስተዋወቁ።

ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ግራ እጁን ይዛችሁ ከዜማው ጋር ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ። ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ በሚያውቀው መዝሙር ወይም ዘፈን ጀምሩ። ሲለምደው "ውሃ ስጡኝ" የመሰለች አጭር ነገር ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አዚሙለት። መጀመሪያ አብራችሁ በሉ፣ ከዚያ ድምፃችሁን እየቀነሳችሁ ለብቻው ተዉት። ሲሳሳት አትቆጡት፤ ሲደክመው አቁሙ።

ሁሉም ላይ እኩል አይሠራም፤ የሐኪም ክትትሉንም አታቋርጡ።

አክስቴ ዛሬ "ቡና አፍሉ" ትለናለች። አሁንም በዜማ ነው።