ደሴ፣ ጦሳ ሥር ቤት ስትከራዩ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ ከሳሎኑ ስፋት በፊት የቤቱን ጀርባ እዩ። ሐምሌና ነሐሴ ጎርፉ ከጦሳ ወደ ቦርከና ወንዝ ሲወርድ መንገዱ ላይ ያገኘውን ግቢ አይምርም። በተራራው በኩል ቦይ መኖሩን፣ ቦዩም በአፈርና በፌስታል አለመደፈኑን አረጋግጡ፤ አለዚያ ውሃው በመሠረቱ ሥር ሰርጎ ይገባል። የጭቃ ቤት ከሆነ ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለውን ግድግዳ በጣት አንኳኩ። ልስኑ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም ከረገፈ እርጥበት በልቶታል። ታችኛው ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባማ ምን ይጠየቃል!

ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቁ። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዙና በፈረቃው ቀናት አባዙት፤ የልብስ አጠባው ለብቻ ነው።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የእንጀራ መጋገሪያ ቀን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ መብራቱ ሊጠፋ ይችላል።

ባጃጅ እስከ በር ይገባል ከተባለ ዝናብ ባባራ ማግስት ሄዳችሁ እዩ። ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ጎረቤት ቡና ሲጠራችሁ ከበረካ በፊት አትነሱ። የውሃው ፈረቃ መቀየሩም የሚሰማው እዚያው ነው።